አስማ የቀባችው ባንዲራ

ጽጌ ለልጆች የምታሳየውን የኮምፒውተር ጨዋታ ሁሉ አስቀድማ ራሷ ተጫውታ ትጨርስ ነበር። አንዲት ጎልማሳ ሴት ነጠላዋን አጣፍታ እንቁራሪት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስታዘልል ያዩ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስቀውባታል። ይሳቁ። እንቁራሪቷ የምትዘለው የመደመር ጥያቄው በትክክል ሲመለስ ነው፤ ከተሳሳቱ ውሃ ውስጥ ትወድቃለች፣ ያው ጥያቄም እስኪያውቁት ድረስ ይመላለሳል። ሲያውቁት ጭብጨባ ይሰማል። ጽጌ ከሒሳብ ጋር ስለማትዋደድ እንቁራሪቷ ብዙ ውሃ ጠጥታለች።

የቦንጋ ሕፃናት ንባብ ክፍል ኃላፊ ትባላለች፤ ኃላፊ ይባል እንጂ ከሷ በታች የሚታዘዝ ሰው አልነበረም። ከደሴ ተመድባ ስትመጣ ለጊዜው ብላ ነበር። ጊዜው ሳታስበው ፀጉሯን አሸበተው። ባል አላገባችም፣ ዝውውርም አልጠየቀችም። ከትምህርት ቤት ወጥተው በጭቃ ጫማ ክፍሏን የሚሞሉት ልጆች ነበሩ ቤተሰቧ። ገሚሶቹ ቤታቸው ካፍኛ የሚናገሩ፣ ገሚሶቹ የነጋዴ ልጆች፣ ጥቂቶቹም እንደሷ በምደባ የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ሁሉም እትዬ ጽጌ ይሏታል።

ኢንተርኔት የገባላት በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ገባ ማለት ድፍረት ካልሆነ። ቢሮዎቹ ሥራ ሲጀምሩ መስመሩ ይሞታል። ስለዚህ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ትገባና ድረ ገጽ እያሰሰች፣ የወደደችውን ኮምፒውተሩ ላይ እያስቀመጠች፣ ከሰዓት በኋላ ለልጆቹ ትከፍትላቸው ነበር። እንስሳት በየድምፃቸው የሚጮኹበት ገጽ አገኘች። ፊደል ከሰማይ እየዘነበ ቶሎ ካልተተየበ መሬት ላይ የሚፈርስበትም አለ። አንዱ ስለ ፕላኔቶች ደኅና ጀምሮ ድንገት ራቁቷን ለመሆን ጥቂት የቀራትን ሴት ብቅ አደረገ፤ ጽጌ ብቻዋን ሆና እንኳ ነጠላዋን ስክሪኑ ላይ ወረወረችበት። ሌላው የባንክ ካርድ ቁጥር ካልሰጠሽኝ ቀጣዩን ገጽ አላሳይም አላት። "አንተን ብሎ አስተማሪ" ብላ ዘጋችው።

ከሁሉም የወደደችው የሚቀቡ ሥዕሎች ያሉበትን ድረ ገጽ ነው። መብራት ሲጠፋ ስክሪን ሙት ነው፤ የታተመ ሥዕል ግን በልጁ እጅ ይቀራል። አለቃዋን አቶ በዛብህን እየለማመጠች በቢሮው ማተሚያ ታትምና እርሳስ ታከፋፍላለች። ተቀብቶ ሲያልቅ ልጁ ስሙን ከነአባቱ በጉልህ ይጽፍና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስም ከነአባት የሚለው የሷ ሕግ ነው። ወላጅ መጥቶ የራሱን ስም ግድግዳ ላይ ሲያይ ልጁን ነገም ይልክልኛል ብላ ነበር፣ ደግሞም ይልኩላት ነበር።

ከቀቢዎቹ ሁሉ አንደኛዋ አስማ ሱሩር ናት። አባቷ ሱሩር ገበያው ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ፣ የባትሪ ድንጋይና የጎማ ጫማ ይሸጣል፤ ቤተሰቡ ከወራቤ መጥቶ ቦንጋ የከረመ ነው። አስማ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ሌሎቹ ልጆች ሦስት ሥዕል ሲጨርሱ እሷ የአንዱን ግማሽ ብትጨርስ ነው፤ ነገር ግን ቀለሟ ከመስመር ዝንፍ አይልም። ጽጌ ልጆችን አላበላልጥም ትላለች። አስማን ግን ታስበልጥ ነበር።

በ2009 መስከረም ማለቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ፣ የከተማው ሰው ድምፁን ቀነሰ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ስለ ዝናብ ብቻ ይወራ ጀመር። የባንዲራ ቀን ደግሞ ጥቅምት ላይ ነው። አቶ በዛብህ ጽጌን አስጠርቶ፣ "ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ የሕፃናት ክፍሉ ግድግዳ በባንዲራ ይሸፈን፤ ሪፖርት ላይ የሚገባ ነው" አላት። እሷም በማግስቱ ማለዳ፣ የቢሮው መስመር ለአፍታ ነፍስ ሲዘራ፣ ከምትወደው ድረ ገጽ ላይ የዓለም ባንዲራዎችን ፈልጋ የኢትዮጵያን አተመች። ሦስት ባዶ መደቦች ብቻ ናቸው፤ ዓርማ የላቸውም። ገጹን የሠራው ሰው በየትኛው አገር እንደተቀመጠ እግዜር ይወቅ፤ ኮከብ የሌለው ባንዲራ እዚህ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ማን ይንገረው።

ጽጌ ግን ታውቃለች። ለልጆቹም በግልጽ ነገረቻቸው። "ሦስቱን ቀለም ስትጨርሱ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ክብ፣ ክቡ ውስጥ ኮከብ። ግድግዳው ላይ ካለው እያያችሁ ሥሩ" አለች። ሁሉም ሠሩ። የአንዱ ኮከብ ሸረሪት፣ የሌላው የተቀጠቀጠ ጎመን ይመስል ነበር፤ ቢሆንም ኮከብ ነው ከተባለ ኮከብ ነው። አስማ ብቻ እርሳሷን ይዛ ቀረች።

"ይበላሽብኛል እትዬ" አለች።

"አይበላሽም፣ ሥሪው።"

"ነገ ልሥራው? በወረቀት ተለማምጄ ልምጣ።"

ጽጌ ሥዕሉን አየችው። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ በማሽን የታተመ እንጂ በልጅ እጅ የተቀባ አይመስልም። ልጅቷ ተለማምዳ ልምጣ ማለቷ ደግሞ አስደሰታት፤ እንዲህ የሚል ልጅ ስንት ይገኛል። እንግዶቹም ነገ ከምሳ በፊት አይደርሱም ተብሏል። ስለዚህ ሁሉንም ለጠፈች፣ የአስማን መሐል ላይ አደረገች፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ኮከቡን ትጨምርበታለች ተባብለው ተለያዩ።

እንግዶቹ ጠዋት መጡ። ዝናብ ስለነበር ባጃጅ ጠፍቶ፣ ጽጌ ጭቃውን በእግሯ አቋርጣ ስትደርስ ክፍሏ ተከፍቶ፣ ሁለት ሰዎች ግድግዳው ሥር ቆመው፣ አቶ በዛብህ ከኋላቸው ፊቱ አመድ መስሎ አገኘቻቸው። አንደኛው የአስማን ሥዕል ከግድግዳው ነቅሎ በስልኩ ፎቶ እያነሣ ነበር።

"ሌሎቹ በሙሉ ዓርማ አላቸው። ይቺ ለምን ለየች?" አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበ። "አስማ ሱሩር። ሱሩር ማን ነው?"

ጽጌም፣ ልጅቷ አልጨረሰችም እኮ፣ ዛሬ ኮከቡን ልትጨምርበት ነበር ብላ ለማስረዳት ሞከረች። ሰውየው በትዕግሥት አዳመጣት። "ያላለቀ ሥዕል መሐል ላይ ይለጠፋል?" ብሎ ጠየቃት።

በዚያው ቀን ሱሩር ሱቁን ክፍት እንደተወ ተወሰደ። ቤት ውስጥ ለልጆችህ ምን ታስተምራለህ፣ ማን ማን ይመጣል፣ ልጅቷ ከማን ሰምታ ነው ኮከቡን የተወችው እያሉ እንደሚጠይቁት የሰማ ሰው ነገረን። ማታ አልተመለሰም። በማግስቱም አልተመለሰም። ሱቁን ሚስቱ ራሕመት መጥታ ዘጋችው። ትናንት ከሱሩር ጋር ሻይ የጠጣ ሁሉ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ከተማችን እንዲህ ናት፤ ስትፈራ አታፍርም።

አቶ በዛብህ ጽጌን ለብቻዋ ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ነው። "ግምገማ ተጠርቷል" አላት። "አንቺ ግለ ሂስ ታወርጃለሽ። የትኩረት ማነስ ነበረብኝ፣ አላየሁትም በይ። ያልፋል። እኔም እደግፍሻለሁ።"

በመሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ጥበብ የማያውቅ የለም። ትልቁ ጥፋት እንዳይጫንብህ ትንሿን ፈጥነህ ታነሣለህ፤ ለትኩረት ማነስ ተባሮ የሚያውቅ ሰው የለም። ጽጌም በሕይወቷ ስንቴ አውርዳዋለች። ነገር ግን ቤቷ ሄዳ ስታስበው ሌላ ነገር ታያት። እሷ አላየሁትም ካለች፣ ያደረገችው ልጅቷ ራሷ ናት ማለት ነው። ልጅቷ ራሷ ከሆነች ደግሞ አባትየው አይለቀቅም።

ራሕመት አስማን ይዛ የመጣችው በዚያ ምሽት ነው። አልቅሳ ጨርሳ ነው የመጣች። "እትዬ፣ ልጅቷንም ግምገማው ላይ አምጪ ብለውኛል። ምን ትበል? የምትናገረው ነገር አባቷን የሚያስቀርብኝ ከሆነ ብዬ አፏን ልሰፋው ደርሻለሁ" አለች።

ጽጌ ብዙ አላሰበችም፤ ወይም አስባ ጨርሳለች። "ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ" አለች።

"አላሉኝም እኮ!" አለች አስማ ደንግጣ። "ሥሪው ነው ያሉኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ።"

ጽጌ ልጅቷን ከፊቷ አስቀመጠቻት። ያደረገችውን ነገር ምንም ስም ቢሰጡት አያምርም። "ኮከቡን ለምን አልሠራሽም?" ብላ ጠየቀቻት። አስማ እውነቱን መለሰች። ጽጌ ራሷን ነቅንቃ እንደገና ጠየቀቻት። አስማ እንደገና እውነቱን መለሰች፤ እንደገና ተጠየቀች። ልጅቷ ይህን አሠራር ታውቀዋለች፤ ያው ጥያቄ ከተመላለሰ የተመለሰው ልክ አይደለም ማለት ነው። በመጨረሻ በቀጭን ድምፅ፣ "እትዬ ጽጌ ተዪው አሉኝ" አለች።

"ጎበዝ" አለቻት ጽጌ፣ አጨበጨበችላትም። ደጋግመው አሉት። ልጅቷ ማልቀስ እስክታቆም፣ ከዚያም ሳታስበው ከአፏ እስኪወጣ ድረስ አሉት። ራሕመት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ግምገማው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ተቀምጧል። ሁለቱ እንግዶች ከፊት ናቸው። አቶ በዛብህ የትኩረት ማነሱን እየጠበቀ እስክሪብቶውን አዘጋጅቷል። ጽጌ ተነሥታ፣ "ኮከቡ ለልጅ እጅ ይከብዳል ብዬ ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ቤተሰቧ ስለዚህ ነገር የሚያውቀው የለም" አለች። አቶ በዛብህ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሕጉን ታውቂዋለሽ ወይ ሲሏት አውቀዋለሁ አለች።

ከዚያ አስማን አስገቧት። አንደኛው እንግዳ ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት። አስማ ቀጥ ብላ ቆማ፣ አንዲት ቃል ሳትስት መለሰች። ደግሞ ጠየቃት፤ ያንኑ መለሰች። ጽጌ በዚያች ቅጽበት ደስ አላት፣ ደስ ስላላትም ራሷን ጠላች።

ሱሩር ተለቀቀ። ጽጌን ሥልጠና በሚሉት ነገር ወስደው ወራት አስቀመጧት፤ ከዚያ የተመለሰችው ከስታ፣ ጥርሷ ረግፎ ነው። ንባብ ክፍሉን ዘግተው ኮምፒውተሮቹን ለሌላ ቢሮ አከፋፈሏቸው። እሷን ደካ የምትባል ትንሽ ከተማ መደቧት፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የቆዩ ፋይሎች ጠባቂ ሆነች። እዚያ ኮምፒውተርም ልጅም የለም። ቅር ሲላት ራሷን የምታጽናናው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቢያንስ አንዲት ልጅ እኔ ያደረግኩላትን ታውቃለች ትላለች።

አዋጁ በተነሣበት ክረምት ለጉዳይ ቦንጋ ወረደችና ሱሩር ሱቅ ጎራ አለች። ሱሩር ከመቀመጫው ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ተክሏል። ራሕመት ወንበር ሰጠቻት፣ ለስላሳ ከፈተችላት። ወሬያቸው እንደ ጎረሱት አሸዋ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አስማ ከክረምት ትምህርት ደብተሮቿን ይዛ ገባች። ቁመቷ ጨምሯል። ጽጌን ስታይ ሰላም ሳትላት በሩ ላይ ቆመች።

"አስማዬ፣ አሁንም ትቀቢያለሽ?" አለቻት ጽጌ።

"አልቀባም።"

"ምነው?"

ጽጌ ወንበሯን አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያ ነገር አልፏል እኮ። አሁን ማንም አይጠይቅሽም። ያኔ ኮከቡን ሥሪው ብዬሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ አይደል?"

ልጅቷ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ማስመሰል አልነበረም፤ ጽጌ የልጅ ዓይን ታውቃለች።

"አላሉኝም" አለች አስማ። "ተዪው ነው ያሉኝ። አባዬን ያሳሰሩት እርስዎ ነዎት።"

ሱሩር አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ራሕመት ቀደመችው። "እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትምህርት ቤት እየሄዱ ይጠይቋት ነበር፣ እትዬ" አለች በሹክሹክታ። "ተሳስታ እውነቱ እንዳያመልጣት ብለን እኛም ተዪው አሉኝ በይ እያልን በየቀኑ እናስደጋግማት ነበር። አሁን እውነቱን ብንነግራት ደግሞ፣ ልጅ ናት፣ ለማን ምን እንደምትል አይታወቅም።"

ጽጌ ልጅቷን ለመጨረሻ ጊዜ አየቻት። ሌላ አንዲት ቃል ብትናገር ልጅቷ ግራ እንደምትጋባ፣ ግራ የተጋባች ልጅ ደግሞ ለቤቱ አደጋ እንደሆነች ገባት። ለስላሳውን ሳትጨርስ ተነሣች፣ ራሕመትን ሳመቻት፣ የደካ መኪና ሳያመልጣት ወደ መናኸሪያ ሄደች።