የኦዲሊያ ባዶ ሻንጣ

በተራራማዋ ከተማ በማኒሳሌስ ውስጥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሰው ሁሉ ጉዞ እንዲቀናው ባዶ ሻንጣ እየጎተተ ሰፈሩን ይዞራል። ኦዲሊያም በየዓመቱ ትዞር ነበር። ዘንድሮ ጉዞው ቀናትና ከባሏ ከኤቤርቶ ጋር ከተራራው ወርዳ ባሕሩ ዳር ሰነበተች።

ግን ዕረፍት አጣች። ጋዙን ዘግቼዋለሁ? በቀቀኗን ማን ያበላታል? አሸዋው አልጋዋ ውስጥ ሳይቀር ገባ፤ ሩዙም ኮኮናት ኮኮናት አላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስቲ አንዴ አርፈሽ ቁጭ በይ!» አላት ኤቤርቶ።

ብድግ ብላ ከሻንጣዋ ልብሷን አልጋው ላይ ዘረገፈችና ባዶውን ሻንጣ እየጎተተች በጠራራ ፀሐይ ሆቴሉን ትዞር ጀመር።

«አሁን ደግሞ የት መሄድ አማረሽ?»

«ቤቴ!»

ኤቤርቶ ከት ብሎ ሳቀባት። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ሻንጣ ከኋላዋ ሲንኳኳ ሰማች።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ጠብቂኝ!»