እንቢ የማይባል ጠርሙስ

ወንድሜ ኢሲሌሊ የላክሁለትን ሁሉ ስምንት ወር ሙሉ ጠጣ። ጠዋት የሞላ ጠርሙስ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ባዶው ታጥቦ ይመለስልኛል። ባዶውን ስቀበል "ዛሬም ጨረሰው፣ እሰይ" እል ነበር። ያ "እሰይ" ትዝ ባለኝ ቁጥር የያዝሁትን ነገር አስቀምጬ መቀመጥ አለብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በእኔ በሽታ ነው። ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ስኳር አለብሽ ተባልሁ። የእግሬ ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ሦስት ወር አልድን ብላ ቆየች። ያን ጊዜ የምበላው በአገራችን በቶንጋ ሰው ሁሉ የሚበላውን ነው፦ ነጭ ዳቦ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ከኒውዚላንድ በረዶ ሆኖ በመርከብ የሚመጣውን የበግ ጎድን። ሲፒ እንለዋለን፤ ሥጋው ትንሽ፣ ስቡ ብዙ ነው። የክሊኒካችን ነርስ ሲሲሊያ ቁስሌን እያጠበች፣

"እማማ ፋታይ፣ እርሻዎ ዱር ሆኗል አሉ" አለችኝ።

"ማን ይቆፍርልኝ?"

"እርስዎ ነዎታ! የታመመው ጣትዎ እንጂ እጅዎ አይደለም። ጎደሬው እዚያ በስብሶ እየቀረ የመርከብ ስብ ይገዛሉ።"

ተናድጄ ወጣሁ። ቁስሉ ሲደርቅ ግን መቆፈሪያዬን አነሣሁ። ጎደሬና ስኳር ድንች ተከልሁ። ፔሌ የምንለውን ቅጠል በአጥሩ ዙሪያ አስያዝሁ፤ ከዓሣ ጋር ሲበስል ሌላ ወጥ አያስፈልገውም። ሲፒውን ተውሁ። ጭማቂም መሥራት ጀመርሁ፦ ፓፓያ በሎሚ፣ የዱባ ቅጠል በዝንጅብል። ከሁሉም በላይ ግን ኖኑን። ኖኑ በየጓሮው የሚበቅል፣ ሲበስል የሚነጣ፣ ቆዳው ዓይን ዓይን ያለበት ፍሬ ነው። ትልልቅ የመስታወት ማሰሮዎች ውስጥ እሞላውና አፉን በጨርቅ አስሬ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሲሆነው ራሱ ያልበውና ጥቁር ውሃ ይወጣዋል። ሽታው የከረመ አይብ ነው። አባቶቻችን ለሁሉም በሽታ ይጠጡት ነበር።

ሲሲሊያ "ፍሬውን በጥርስዎ ይብሉት፤ ጭማቂ ካማረዎ ትንሽ፣ ያውም በውሃ አቅጥነው" ትለኝ ነበር። ክኒኔንም እንዳልተው ታስጠነቅቀኝ ነበር። በዓመቱ አሥራ አራት ኪሎ ቀነስሁ፤ ስኳሬም ወረደ። እሷ ያዳነዎት ቁፋሮውና ስቡን መተውዎ ነው አለች። እኔ ግን ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ ኖኑ ነው እል ነበር። መቆፈር ማንም ይቆፍራል። ኖኑው ግን የእጄ ሥራ ነበር።

ስሜ ወጣ። የመዘምራን ሴቶች ጠርሙስ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ጎረቤቴ ሳላኒዬታ ከሁሉ ቀድማ መጣች።

"ፋታይ፣ ትናንት በደጃፍሽ ሳልፍ አይጥ የሞተ መስሎኝ ጸሎት አደረስሁ።"

"ጸሎቱን ለወገብሽ አድርጊ። ከወንበር ስትነሺ ወንበሩም አብሮሽ ይነሣል።"

"ይነሣ እንጂ! ብቻዬን ከምሄድ። ነይ አሁን፣ ከዚያ ከሚገማው አንድ ጠርሙስ ቅጂልኝ።"

ወንድሜ የታመመው በዚህ መሐል ነው። ኢሲሌሊ በደሴቶቹ መካከል በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ሠላሳ ዓመት ሞተረኛ ነበር። ሲስቅ ወደቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። እግሮቹ አበጡ፤ ፊቱ ጠዋት ጠዋት ይነፋ ጀመር። ወደ ዋና ከተማችን ወደ ኑኩአሎፋ ሄዶ ተመረመረና ተመለሰ። ሚስቱ ሉሴያኔ "ኩላሊቱ ነው አሉት" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ኢሲሌሊ አሥር ዓመት ሲሞላው ከቤት ወጥቶ ከወንዶቹ ጋር ማደር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ክፍል ተቀምጠን አልተጫወትንም። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ስለ ሰውነት፣ ስለ ሕመም፣ ስለ አልጋ አንድ ቃል በመካከላችን አላለፈም። ይህ ጠብ አይደለም። ወንድምና እህት እንዲህ ካልተፈራሩ ቤተሰብ ፈረሰ ይባላል። እህት ከወንድሟ ትበልጣለች፤ ታላቅ እህት ከሆነች ደግሞ የተናገረችው አይመለስም፣ የሰጠችው አይጣልም።

እኔም ደሜን ያጠበ ነገር የእሱን ኩላሊት ያጥባል ብዬ አሰብሁ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በየማለዳው አንድ ትልቅ ጠርሙስ አዘጋጅ ነበር፦ ኖኑ፣ የለጋ ኮኮነት ውሃ፣ ጣዕሙን እንዲያለዝበው ሁለት የበሰለ ሙዝ። ወስጄ በረንዳው ላይ ለሉሴያኔ እሰጣታለሁ።

"እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው፣ እትዬ። እግዜር ይስጥልን።"

በአራተኛው ወር እግሩ ጫማ ውስጥ አልገባ አለ። ኖኑውን አበዛሁ። በስድስተኛው ወር ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ። መድኃኒቱ ክፉውን እያወጣው ነው፤ ሳይብስ አይሻልም ብዬ ሙዙን ሦስት አደረግሁት። ባዶው ጠርሙስ መምጣቱን አላቋረጠም።

አንድ ዓርብ ሲሲሊያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሴቶቹን ልትመዝን መጣች። ጠርሙሱን ከጎኔ አስቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ።

"ይሄ ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለኢሲሌሊ።"

ሚዛኑ ላይ ያለችውን ሴት ትታ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ምን አለበት?"

ነገርኋት። ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠጣው?"

"ከፋሲካ ወዲህ። በየቀኑ። አንድም ቀን አላስቀረም።"

"እማማ" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እርስዎን የማይጎዳ እሱን ይጎዳዋል። ፖታሲየም የሚባል ነገር አለ። ጤነኛ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ የእሱ ግን አይችልም። ኖኑው፣ ሙዙ፣ የኮኮነቱ ውሃ በፖታሲየም የተሞሉ ናቸው። ደም ውስጥ ሲጠራቀም ልብ ያቆማል። ኑኩአሎፋ ሐኪሞቹ ነግረውታል። እኔም የማይበላውንና የማይጠጣውን ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ኖኑ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው ያለው።"

"ለእኔ ማንም አልነገረኝም።"

"ደሙ በየወሩ ለምን እንደሚከፋ ግራ ገብቶኝ ነበር። 'ምን ትበላለህ' ስለው 'ያልሽኝን' ይላል።"

ጠርሙሱን አዳራሹ ውስጥ ትቼ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ሉሴያኔ ጓሮ ልብስ ታጥባለች።

"ሉሴያኔ፣ የነርሷን ወረቀት አንብበሽዋል?"

እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ። "አንብቤዋለሁ፣ እትዬ።"

"ታዲያ የማመጣውን ለምን አልደፋሽውም?"

"ደፍቼው ነበር። ሁለት ቀን ሙዙ ሥር ደፋሁት። በሦስተኛው ቀን አየኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ጮኾብኝ አያውቅም። ያን ቀን ጮኸ። 'የእህቴን ድካም መሬት ላይ ትደፊያለሽ?' አለኝ። ከዚያ ወዲያ ራሱ ከእጄ እየተቀበለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠጣዋል።"

"መጥተሽ አትነግሪኝም ነበር?"

"ምን ብዬ?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። "የእርስዎ መድኃኒት ወንድምዎን እየገደለው ነው ብዬ? እኔ? ከሌላ ደሴት የመጣሁ ሚስት? በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። እርስዎ ደግሞ ፈገግ ብለው 'እንዴት አደረ' ይሉኛል። አፌ 'ደህና' ይላል። ደከመኝ፣ እትዬ። እናንተ ሁለታችሁ ትከባበራላችሁ፣ እኔ መሐል ቆሜ ጠርሙስ አጥባለሁ።"

በኋላው በር ገባሁ። ከልጅነታችን ወዲህ ወንድሜ የሚተኛበትን ክፍል ረግጬ አላውቅም። ሲያየኝ ደንግጦ ሸሚዙን ፈለገ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

"ሉሴያኔ" አለ፣ ልክ እኔ እንደሌለሁ፣ "ለእትዬ ወንበር ስጫት።"

"ወንበር አልፈልግም። የወረቀቱን ነገር ሰምቻለሁ።"

"የምን ወረቀት?"

"ኢሲሌሊ።"

ሉሴያኔ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከእጇ የሳሙና ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

"ለምን ጠጣኸው?"

"እርስዎ ላኩት።"

"መርዝ ብልክስ?"

"እርስዎ መርዝ አይልኩም።"

"ልኬልሃለሁ እኮ! ስምንት ወር!"

አልጋው ተንቋቋ። ሊነሣ ሞክሮ መልሶ ተኛ መሰለኝ። "እርስዎን አድኖዎታል" አለ። "አይቻለሁ። እግርዎ ሊቆረጥ ነበር፤ አሁን ከእኔ ፈጥነው ይሄዳሉ። ሐኪሞቹ ተስፋ የለውም ዓይነት ወሬ ነገሩኝ። እርስዎ ጠርሙስ ላኩልኝ። ምናልባት እነሱ ተሳስተው ይሆናል አልሁ። ደግሞ አልጠጣም ብል እንዴት ብዬ ነው የምልክብዎት? በማን?"

"በማንም።"

"እሱንም አሰብሁት። አቃተኝ።"

መስኮቱን እያየሁ፣ "እንግዲያው እንደ ታላቅ እህትህ አዝዤሃለሁ" አልሁ። "ከእጄ የወጣ ጭማቂ ከዛሬ ጀምሮ በአፍህ አይዙር። የሲሲሊያን ወረቀት እንደ እኔ ቃል ቁጠረው።"

"እሺ፣ እትዬ።"

ቀጠለና፣ "ከፈቀዱልኝ አንድ እውነት ልናገር" አለ።

"ተናገር።"

"ሠላሳ ዓመት የሞተር ዘይት በስህተት እየዋጥሁ ኖሬያለሁ። ዘይቱ ይሻላል።"

ሉሴያኔ ቀድማ ሳቀች። እኔም ጀርባዬን እንደ ሰጠሁ ሳቅሁ፤ እሱም ያንን የወደብ ሳቁን ሞከረው፤ አጋማሽ ላይ ሳል ሆነበት። ከዚያ ሦስታችንም አፈርን፤ እኔም ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ አሥራ አንድ ሳምንት በሕይወት ቆየ። ሲሲሊያ ለእሱ የሚሆነውን አስተማረችኝ። ጎደሬውን እልጣለሁ፣ አሳንሼ እቆራርጣለሁ፣ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ፣ ውሃውን እደፋለሁ፤ በብዙ ውሃ እቀቅላለሁ፣ ፖታሲየሙ አብሮ እንዲወጣ ያንንም እደፋለሁ። የዓሣው ልክ የሲሲሊያን መዳፍ ያህል፣ ጨው የለም። የሚጠጣው ውሃ በኩባያ ይሰፈራል፤ ሲጠማው አንድ የበረዶ ቁራጭ ይመጥጣል። ዕድሜ ልኬን ምግብ ኃይሉ እንዳይፈስ ስጠነቀቅ ኖሬ አሁን ኃይሉን ለማፍሰስ ጠዋትና ማታ ምድጃ ሥር እቆማለሁ። የሚወጣው ጎደሬ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው። እሱ ሳህኑን አሟጥጦ ይልካል። ከበረንዳው ሆኜ "ወደደው?" ስል ሉሴያኔ አሁን እውነቱን ትነግረኛለች፤ "አልወደደውም፣ እትዬ። ግን በላው።"

የደሙ ውጤት ሁለት ጊዜ ተሻሻለ። ሲሲሊያ ቁጥሩን ስትነግረኝ እጄን ሳመችኝ። ሦስተኛው ከፋ። ደም የሚያጥበው መሣሪያ ያለው ባሕር ማዶ ነው፤ የምንልከው መንገድ አላገኘንም። ሐሙስ ቀን፣ ሉሴያኔ ትራሱን እያስተካከለችለት ሳለ ሞተ።

ክሊኒክ ሄጄ ሲሲሊያን "ስንት ወር ቀነስሁበት?" አልኋት።

"አላውቅም፣ እማማ።"

"ገምቺ።"

"አልገምትም። ኩላሊቱ ከእርስዎ ጠርሙስ በፊትም ተጎድቶ ነበር።"

"ይህ መልስ አይደለም።"

"አይደለም" አለች።

በቀብሩ ዕለት ሁሉም እንደ ደረጃው ምንጣፍ ወገቡ ላይ ይታጠቃል። ለሟች ዝቅ የሚሉት፣ ሚስትም ጭምር፣ ትልቅና የተቀደደ አሮጌ ምንጣፍ ይታጠቃሉ፤ አንዳንዱ እስከ ጆሮ ይደርሳል። ታላቅ እህት ግን ስስና የተዋበውን ታጥቃ በራስጌው ትቀመጣለች። ለቀብሩ የሚመጣው ምንጣፍና ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ ጨርቅ ሁሉ ፊቷ ይዘረጋል፤ ሰውም ጎንበስ ብሎ ያልፋታል።

እኔ ማድ ቤት ከተሰቀሉት ሁሉ የከፋውን፣ ዳሩ የተበላውን አውርጄ ታጠቅሁ። በጓሮ በኩል ስገባ ሉሴያኔ አየችኝ። የእሷ ምንጣፍ እስከ ደረቷ ይደርሳል፤ ስትራመድ ኮሽ ኮሽ ይላል።

"እትዬ፣ ይፍቱት።"

"ስሱ ለእኔ አይገባኝም። አንቺ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ተይኝ።"

"ይህን ታጥቀው ቢገቡ ሰው ሁሉ ለምን ይላል" አለችኝ። "እሱ ያን ሁሉ የጠጣው ማንም እርስዎን ለምን እንዳይልዎት ነው። አሁን በራስጌው ቁጭ ብለው ሊያስጠይቁት ነው?"

ገመዱን ራሷ ፈታችው። ከሣጥኑ ስሱን አውጥታ ወገቤ ላይ አዞረችው፤ ሁለት ጊዜ ላልቶባት ሁለት ጊዜ አጠበቀችው። ከዚያ እጄን ይዛ እስከ በሩ አደረሰችኝና እሷ ወደ እግርጌው ሄደች።

ገብቼ በራስጌው ተቀመጥሁ። ምንጣፍ እያመጡ ፊቴ ዘረጉ፤ ሳላኒዬታም ዓይኗን ሰብራ ጎንበስ ብላ አለፈች። ጀርባዬ ዛለ፤ እግሬ ደነዘዘ። ከልጅነታችን ወዲህ የወንድሜን ፊት እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር። ለቀብር ሊያወጡት እስኪመጡ ድረስ አልተነሣሁም።