ሎሚው የቆመበት ሁለት እርምጃ

ጋሼ አምኃ የሕግ ተማሪዋን ኑሀሚንን የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጥራቸውን ባለበት የሚያቆም የፍርድ ቤት ጉዳይ። እሷም ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር እሳቸው ባከራዩዋት ክፍል ሆና ሦስት ቀን አነበበችና አገኘችላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታቸው ጋሼ ኦላና ያረጀውን የጋራ አጥር ሊያስቀይሩ ቀያሽ ቢያመጡ፣ አጥሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለት እርምጃ ወደ ጋሼ ኦላና ግቢ ገብቶ መኖሩ ታወቀ። እዚያች ሁለት እርምጃ ላይ ደግሞ የጋሼ አምኃ ሎሚ ቆሟል። ጋሼ አምኃ ከሎሚዬ የሚነቅለኝን አያለሁ አሉ፤ ጋሼ ኦላና ሰላምታ አቆሙ። እሑድ ከሰዓት ሽማግሌው ጋሼ ዕቁባይ ሁለቱንም ጋሼ አምኃ ሳሎን አስቀመጧቸውና ኑሀሚን ተጠራች።

ኑሀሚን ሰው ፊት መናገር ትፈራለች። ስለዚህ መምህሯ ያስለመዷትን ቅደም ተከተል ሙጥኝ አለች፤ መጀመሪያ ታሪኩ፣ ቀጥሎ ክርክሩ፣ ፍርዱ መጨረሻ። የጥንት ቀያሾች የቪክቶሪያንና የደቡብ አውስትራሊያን ክፍለ ግዛቶች ድንበር ሲያሰምሩ ተሳስተው ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ መግባታቸውን፣ ስህተቱ ከታወቀ በኋላም ቪክቶሪያ አልመልስም ማለቷን፣ ነገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መድረሱን፣ ዐይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ ነገረቻቸው።

"ቆይ እስቲ" አሉ ጋሼ አምኃ። "ስህተት መሆኑን እያወቀች ነው አልመልስም ያለችው?"

"አዎ ጋሼ፣ ግን ፍርዱ..."

"ፍርዱ ምን ያደርጋል? የሰው መሬት አይደለም እንዴ? ዐይኗን በጨው አጥባ።"

ኑሀሚን ፍርዱ የተጻፈበት መስመር ላይ ጣቷን አስቀምጣ በዐይኗ ለመነቻቸው። አላዩዋትም። እንዲህ ያለ ጎረቤት እድር ውስጥም መግባት የለበትም እያሉ ቀጠሉ። ጋሼ ኦላና ሳቃቸውን አፍነው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ጋሼ ዕቁባይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለመሆኑ ማን ረታ፣ ልጄ?"

"ቪክቶሪያ" አለች ኑሀሚን። "መስመሩ ብዙ ዘመን የተኖረበት ስለሆነ ባለበት ይጽና ተባለ።"

ፍርዱ ጋሼ አምኃ የፈለጉት ራሱ ነበር፤ አሁን በየትኛው አፋቸው ይቀበሉት?

የደረሱላቸው ጋሼ ኦላና ናቸው። "እኔ የሎሚ እሾህ አልችልም" አሉ ቀስ ብለው። "ያሳደገው እሱ ነው።"

"አትችልም" አሉ ጋሼ አምኃ፣ ምንጣፉን እያዩ። "መሬቱን ውሰድ። ሎሚውን ግን የምከረክመው እኔ ነኝ። አጥሩ ላይ በር አስወጣልኝ።"

አዲሱ አጥር በር ወጥቶለት በቀያሹ መስመር ላይ ቆመ። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ጋሼ አምኃ ግን መቀሳቸውን ይዘው በመጡ ቁጥር ያንኳኳሉ።