የጤነኞቹ ደም

እትዬ የላቦራቶሪው ኃላፊ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ፣ ወጣቷ ቴክኒሻን እንደምንም አምልጣ ትወጣ ነበር። ግን የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። በሥራ ቀን በነጭ ጋወን፣ እሁድ ደግሞ በምሳ ገበታ ላይ እኚሁ ሴት ፊቷ ናቸው፤ መሸሻ የላትም። ጠዋት ጠዋት ገና ጋወኗን ሳትቆልፍ "አንቺ፣ መቼ ነው አክስት የምታደርጊኝ?" ይሏታል። እሷም "እግዜር ሲል" ብላ ትስቃለች። ዘንድሮ እግዜር ብሏል። ሆዷ ገና አልገፋም፤ ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም።

የእነሱ ሥራ ሴልን ማስጨነቅ ነው። ከሰው ደም የወሰዱትን ሴል በትኩስ ውሃ ያሞቁና አሳርፈው እንዴት እንዳገገመ በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ሴል ሲጨንቀው ውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ይፈታና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ያኔ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ተነስቶ የሚወድቁትን ደግፎ ይይዛል። እሱን የሚሠራው ጂን ከተበላሸ ግን ደጋፊው ራሱ ይወድቃል። ሰውየው ለዓመታት ደህና ሆኖ ይቆይና ወደ እግሩ የሚወርደው ነርቭ ከጫፉ እየደከመ ይመጣል፤ እግሩ መጎተት ይጀምራል። ከወላጅ ወደ ልጅ የማለፍ ዕድሉ እኩሌታ ነው።

ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ደም ያስፈልጋል። የሚሰጡት አራቱ ሠራተኞች ናቸው፣ እትዬም ጭምር። እዚህ ላይ እትዬ ያወጡት ደንብ አለ። እያንዳንዱ ከሳጥን ውስጥ ሳያይ ባለቀለም ፕላስተር ይመዝዝና የራሱ ብልቃጥ ላይ ይለጥፋል። የማን ቀለም ምን እንደሆነ ባለቤቱ ብቻ ያውቃል፤ መጠየቅ ክልክል ነው።

ባለፈው ጊዜ ቢጫው ብልቃጥ ቁርጥ የበሽተኞቹን መሰለ። ሴሎቹ አላገገሙም፣ ፕሮቲኑ ተጓጉሎ ቀረ። ማይክሮስኮፕ ላይ ተጣብቆ ስለሚውል "መነጽሩ" የሚሉት ባልደረባቸው ሳቀ።

"አንዳችን የበሽተኛ ብልቃጥ ላይ ለጥፈናል። ኧረ ዓይናችሁን ታጥባችሁ ድገሙ!"

እሷም አብራ ሳቀች። ቢጫው የእሷ ነበር።

ቤቷ ስትገባ አባቷ ትዝ አሏት። በሕይወት ሳሉ ደረጃ ሲወጡ ይደናቀፉ ነበር፤ ዘመድ ሁሉ "እርጅና ነው" ይል ነበር፣ ገና ሳያረጁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ግን መፍራት እንኳ አልታደለችም። እኩሌታ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ስትናገረው ኖራለች! አሁን ቃሉ ሆዷ ውስጥ ነው።

ደም እንደገና ስጡ ሲባል መላው ጠፋት። እምቢ ብትል "ለምን?" ይሏታል፤ ብትሰጥ ደሟ ይናገራል። ሰጠች። ከሳጥኑ አረንጓዴ ደረሳት፣ ቢጫው ለሌላ ሰው።

ውጤቱ ሲወጣ መነጽሩ አልሳቀም።

"ቢጫው ደህና ሆኗል። አሁን የተጓጎለው አረንጓዴው ነው።"

"እና?" አለች አራተኛዋ፣ ዝምተኛዋ ባልደረባቸው።

"እናማ ስሕተት አይደለም። ከአራታችን አንዱ ነው።"

ሁሉም የየራሱን ቀለም አስታወሰ። መነጽሩም ዝምተኛዋም ሲቀልላቸው ፊታቸው ላይ ታየ፤ ወዲያው ደግሞ አፈሩ። እሷ እጇን የምትታጠብ መስላ ዞረች።

እትዬ ሁለቱን "ምሳ ሂዱ" ብለው አሰናበቱ። እሷም ልትከተላቸው ስትል የቀኝ ጫማዋ ጫፍ ወለሉን ያዘና ተደናቀፈች።

"ቁጭ በይ።"

"እትዬ፣ እኔም ምሳ ልበላ..."

"ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ። ጫማሽን አሳዪኝ።"

ሳትወድ እግሯን ዘረጋች። የቀኙ ጫማ አፍንጫ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል። ባሏ "ቤታችን ምግብ ጠፋ እንዴ፣ ጫማ የምትበዪው?" እያለ ይቀልድባት ነበር።

"ካየሁት ቆየሁ" አሉ እትዬ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "እሁድ እሁድ በር ላይ ስታወልቂው አየዋለሁ። ግን እንዴት ልጠይቅሽ? ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። አፌን በገዛ እጄ ሰፋሁት። አንቺው እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር።"

"አረንጓዴው የእኔ ነው" አለች። ብናገረው ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም።

እትዬ ወንበራቸውን ስበው ሁለት እጇን ያዙ።

"ስሚኝ እህቴ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው። በዱላም ቢሆን ይኖራል፣ ስንቱን አይተናል። ወንድሜን ለእኔ ተይው፣ እኔ እነግረዋለሁ። ስጨቀጭቅሽ የኖርኩትንም ይቅር በይኝ፤ እንኳንም አልሰማሽኝ! እንኳንም አልወለዳችሁ! ጊዜ አላችሁ፤ ትመከራላችሁ፣ ትመረመራላችሁ፣ አስባችሁበት..."

እጇን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ አወጣችና ሆዷ ላይ አኖረችው።

"እትዬ" አለች፣ "አክስት ሊሆኑ ነው።"