ማንም የማይሳፈርበት አውቶቡስ

ዓይናዲስ እስራኤል አገር፣ ራማት ፖሌግ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር ሦስት ቤት ታጸዳ ነበር። ከጎንደር ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ወገቡን ታሞ ቤት ከዋለ ደግሞ አራት። ጠዋት ከምትኖርበት ከነቬ ኢታማር የምትሳፈርበት አውቶቡስ አሠሪዋ ሳሪት በር አጠገብ ያወርዳታል፤ ማታም ከዚያው ይመልሳታል።

እንደ ፈረንጆቹ በ2005፣ የፔሳህ (የአይሁድ ፋሲካ) በዓል እንዳለፈ አውቶቡሱ ወደ ሰፈሩ መግባት ተወ። ሹፌሩ ሴቶቹን ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ አራገፋቸው። ከዚያ ሳሪት ቤት ድረስ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው።

«ምነው ዘገየሽ?» አለች ሳሪት።

«አውቶቡሱ ቀረ።»

«ውይ፣ እውነትሽን ነው። ከአውቶቡሶቹ ቢሮ ደውለው ጠይቀውን ነበር። እዚህ ማንም በአውቶቡስ አይሄድም አልኳቸው።»

«እኔ እሄድ የለም እንዴ?»

«አንቺማ እዚህ አትኖሪም» አለች ሳሪት። ክፋት አስባ አልነበረም። እንዲያውም ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ በመኪናዋ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘቻት። ከዚያ የልጇ የዋና ትምህርት ተጀመረና ነገሩ ተረሳ።

ዓይናዲስ ወለል እየወለወለች ታስባለች። የዚህን ቤት እያንዳንዱን መሳቢያ ታውቀዋለች፤ የትኛው እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚወልቅ። ሰው ሲቆጠር ግን የለችም።

በሐምሌ ሙቀት፣ እዚያው ሰፈር ቤት ከምታጸዳው ከጓደኛዋ ከውዴ ጋር ሲመለሱ፣ ውዴ እግሯ አብጦ አንድ አጥር ሥር ቁጭ አለች። ውዴ ስድሳ ያለፋት ናት። የቤቱ ባለቤት ብቅ አለና በዕብራይስጥ «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አላቸው።

«ትንፋሼን» አለች ውዴ በአማርኛ።

ሰውዬው አልገባውም። እስኪነሡ ድረስ ግን ቆሞ ጠበቃቸው።

የዚያን ለት ዓይናዲስ ልጇን ኦሪትን «ሚክታቭ ጻፊልኝ፣ ለአውቶቡሶቹ ቢሮ» አለቻት።

«ኢማ፣ ማን ሊያነበው?» አለች ኦሪት፤ እናቷን የምትጠራት በዕብራይስጥ ነው።

«ያነበበው ያንብበው። አንቺ ጻፊ።»

ደብዳቤው ላይ ሃያ ሦስት ሴቶች ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉት ጣታቸውን አተሙ። መልሱ የመጣው ከአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት በኋላ ነው። ኦሪት ቆማ አነበበችው። ጠዋት አንድ አውቶቡስ እንደ ድሮው ወደ ሰፈሩ ይገባል፤ ምክንያቱም የቤት ሠራተኞች እየዘገዩ ስላስቸገሩ ነዋሪዎች ቅሬታ አቅርበዋል።

«የማታውስ?»

ኦሪት ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «ስለ ማታው የለም።»

«ስለ እኛ ሚክታቭስ?»

«እሱንም አላነሡትም፣ ኢማ።»

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ጠዋት በር ድረስ ይደርሳሉ፤ ማታ ደክሟቸው እስከ ዋናው መንገድ በእግራቸው ይወርዳሉ። ውዴ አልቻለችም። ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን አንድ መሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ለማጽዳት ገባች። ደመወዙ ያንሳል፤ አውቶቡሱ ግን በሩ ላይ ይቆማል። ዓይናዲስ ሦስቱን ቤት ልትተው አልቻለችም፤ የኦሪት ትምህርትም የባሏም መድኃኒት በእነሱ ላይ ነው።

አንድ ማታ ዝናብ መቷት ገባችና ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ኦሪት፣ ሌላ ሚክታቭ እንጻፍ። ስለ ማታው።»

«ነገ ፈተና አለብኝ፣ ኢማ።»

«እንግዲያው ከነገ ወዲያ» አለች ዓይናዲስ፤ የረጠበ የጫማዋን ማሰሪያ ለመፍታት ጎንበስ እያለች።