ሁለት ቀን ያደረ ውሃ

«ይሄን ሳጥን ማነው የነካው?» አለች ሥራነሽ።

ፍራሹን ከበው የተቀመጡት ሴቶች ለቅሷቸውን ገታ አድርገው ዘወር አሉ። ባሏ መሳፍንት ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጎረቤቶቹ ወጉ ነውና ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሲሸፍኑ ከጎኑ ያለውን የዓሣ ሳጥንም አብረው ሸፍነውት ነበር። አሁን ነጠላው ተንሸራቶ መስተዋቱ ይታያል። ከአምስቱ ቀያይ ዓሦች ሁለቱ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ሦስቱ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«እኔ ነኝ» አለች የብርጓል። የመሳፍንት ታላቅ እኅት ናት፤ መርዶውን ሰምታ ትናንት ከአምበር የመጣች። «ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«ምን አደረጉት እትዬ?»

«ጨው ጨመርሁላቸው። ወንድሜ የባሕር ሰው አይደል? ዓሦቹም የባሕር ናቸው ብዬ። ጌታቸው ሞቶ ጨው የሚሰጣቸው ያጡ መሰለኝ፣ ሆዴ አልችል አለ። ጓዳ ያገኘሁትን አንድ ኪሎ ገለበጥሁላቸው።»

ማንም አልሳቀም። ሌላ ቀን ቢሆን መሳፍንት ራሱ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሥራነሽ ልትነሣ ስትል ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች ትከሻዋን ያዙ።

«ሠልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከፍራሽ አይነሣም። እኛ ምን ሠርተን? አሁኑኑ ከቧንቧ ቀድተን እንለውጥላቸዋለን።»

«የቧንቧው ይገድላቸዋል! መድኃኒት አለበት። እሱ እስኪወጣለት ሁለት ቀን ማደር አለበት።»

ይህንን ያስተማራት መሳፍንት ነው። እሱ የማያስተምረው ነገር አልነበረም። ወጣትነቱን ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ የመርከብ ሞተር ሲጠግን አሳለፈ። በሰማንያ ሦስት ሁሉም ነገር ሲፈርስ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ እግሩ አብጦ፣ ደብረ ማርቆስ ገባ። ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ይሄ ሰው አልቆለታል ሲል፣ እሱ መፍቻውን ይዞ ወጣ። ከሉማሜ እስከ አምበር ተበላሽቶ የቆመ የውሃ ሞተር ሁሉ የእሱን እጅ ያውቃል። መብራት ሲጠፋ ዓሦቹ አየር እንዳያጡ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነፍቶ በቀጭን ቱቦ አየሩን ቀስ እያለ የሚለቅላቸውን ዘዴ የፈጠረው እሱ ነው። ሥራነሽ ይህንን ባየች ቀን እንዲህ ያለ ሰው አግብቼ ነው ወይ ብላ በልቧ ኮርታለች፤ ለሱ ግን አልነገረችውም።

ሳጥኑን ሊያሠራ ያሰበ ጊዜ አንድ ደብተር ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። በአንዱ አናት ላይ «ባሕር» ይላል፤ በሌላው «ወንዝ»። የባሕሩን ገጽ ሲያነብላት ድምፁ ይለወጥ ነበር። መስመር ያለባቸው፣ ሰማያዊና ቢጫ ዓሦች፤ ከጅቡቲ የሚያመጣለት ሾፌር ሳይቀር አግኝቷል። እሷም ለጨዋታ ያህል፣ «አንዱ ባሕር አልበቃህ ብሎ ሌላውን ቤቴ ልታስገባብኝ ነው?» አለችው። ሳቀ። በማግሥቱ የወንዙን መረጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባሕሩን የከለከልሁት እኔ ነኝ እያለች አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ስታላምጥ ኖረች፤ ትናንት አፈር ሲመልሱበትም በልቧ የነበረው ይኸው ነበር።

ጫጫታውን ሰምቶ ዓለምነው ከድንኳኑ ገባ። መስተዋት ቆራጭ ነው፤ የመሳፍንት ወዳጅ፤ ሳጥኑንም የሠራው እሱ ነው። አንዴ ወደ ውሃው አየና፣ «ያደረ ውሃ አለ?» አለ።

ሥራነሽ የያዟትን እጆች አስለቅቃ ተነሣች። ጓዳው በር ሥር ሰማያዊው ባልዲ እንደተከደነ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ በጠመኔ፣ በመሳፍንት እጅ «ረቡዕ» ተብሎ ተጽፏል። ረቡዕ ማታ ቀድቶ ከድኖት ነበር። ሐሙስ ሳይነጋ ልቡ ቀጥ አለ። ዛሬ ዓርብ ነው።

ዓሦቹን በሻይ ማጥለያ አንድ በአንድ እያወጣች ባልዲው ውስጥ ጨመረቻቸው። ዓለምነው ጨዋማውን ውሃ በቱቦ ወደ ደጅ ማፍሰስ ጀመረ።

«የባሕሩን ነበር የሚፈልገው» አለች ጎንበስ እንዳለች፣ ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁበት።»

«ማን አለሽ?»

«እኔው አውቃለሁ።»

ዓለምነው ቱቦውን አስተካከለ። ከዚያ፣ «መፈለጉንስ ይፈልግ ነበር፣ አልዋሽሽም» አላት። «ደግሞ ያኔ ሐኪሙ ልብህ ደካማ ነው ብሎት ነበር። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። በማለዳ መጣና ‹የወንዙን አድርገው› አለኝ። ‹ሥራነሽ ተቆጣች እንዴ?› ስለው ሳቀብኝ። ‹የባሕር ዓሣ ጨውን በመለኪያ የሚለካለት ባለሙያ ይፈልጋል፤ እኔ የወደቅሁ ቀን አብሮኝ ይወድቃል። የወንዙን ግን ሥራነሽ ባደረ ውሃ ታኖረዋለች። ልጅ አልሰጠን፤ ከእኔ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ልተውላት› አለኝ።»

ሥራነሽ ከሁለት ቀን ወዲህ ተደብቃም ሆነ ሰው ፊት አላለቀሰችም ነበር። አሁን ግን ባልዲውን እንዳቀፈች አለቀሰች። ሴቶቹም ተዉአት።

ከአምስቱ አንዱ ሞተ። አራቱ ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ፤ አንዱማ ወዲያው ባልዲውን መዞር ጀመረ። የብርጓል በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ «የወንድሜን አደራ ገደልሁ» ትላለች።

«እርስዎ ስላዘኑላቸው ነው እትዬ። እሱም ቢሆን ይስቅልዎት ነበር። ይልቅ ይምጡ፣ ይሄን ማሰሮ ይያዙልኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ሳጥኑን አጥበው፣ ከቧንቧው እየቀዱ ሞሉት። ውሃው እስኪያድር፣ እስከ እሑድ ያለ ዓሣ ይቆያል።

ሥራነሽ የባልዲውን ክዳን አነሣችና ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ጠመኔው ቦታው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ነበር። መሳፍንት አዲስ ውሃ በቀዳ ቁጥር የድሮውን ቀን በአውራ ጣቱ ጠርጎ የዛሬውን ይጽፋል። እሷም አውራ ጣቷን «ረቡዕ» ላይ አሳረፈች። ቆየች። ጣቷን ቀስ ብላ አነሣችና ከጽሑፉ ሥር «ዓርብ» ብላ ጻፈች።