የውኃ በር ያለው ሆቴል

በኅዳር ወር መጀመሪያ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከቬኒስ ባሕር ማዶ ባለችው በመስትሬ በሚገኘው የአያቶቼ ማእድ ቤት ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ አባባ ሴቬሪኖ፣ ሚስታቸው እማማ ኤልዳ፣ እናቴ ሞሬና እና እኔ ዴቪስ። በሽንኩርትና በሆምጣጤ የተዘፈዘፈው የሰርዲን ሳህን ከጠረጴዛው ገና አልተነሣም ነበር። የተሰበሰብነው ሆቴል ለመምረጥ ነው።

ነገሩ ለሰው ሲነገር ያስቃል። አያቶቼ ለሰባት ቀን ጉዞ የሚሳፈሩበት መርከብ የሚነሣው ከቬኒስ ወደብ ነው። ከቤታቸው እስከ ወደቡ በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እናቴም የምትለው ይህንኑ ነበር።

«እኔው አደርሳችኋለሁ! ከደጃችሁ አንሥቼ መርከቡ ሥር አወርዳችኋለሁ። ቤት እያላችሁ ለአንድ ሌሊት ሆቴል? ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል?»

«ጎረቤት የሚለውን እኔ ልንገርሽ» አሉ እማማ ኤልዳ። «‹ሽማግሌዎቹ አበዱ› ይላል። አልተሳሳተም። በይ አሁን ሳህኑን አንሺ።»

ሁለቱ ቀደም ብለው ተስማምተዋል። መርከቡ የአባባ ሴቬሪኖ ምኞት ነው፤ ሌሊቱ የእማማ ኤልዳ ነው።

አባባ ሴቬሪኖ አርባ ሁለት ዓመት በቬኒስ ሻንጣ ተሸካሚ ነበሩ። የስንቱን መንገደኛ ዕቃ እስከ መርከብ መሰላል ድረስ አድርሰዋል፤ መሰላሉን ግን አንድም ቀን አልወጡትም። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሚያወሩት ስለዚያ መሰላል ነው። እማማ ኤልዳ ደግሞ የቬኒስ ካስቴሎ ሰፈር ልጅ ናቸው። ተወልደው፣ አግብተው፣ እናቴንም የወለዱበት ቤት ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ተሸጠና እንደ ብዙዎቹ የከተማዋ ሰዎች ወደ መስትሬ ተሻገሩ።

«ከከተማዬ የወጣሁት በጭነት ጀልባ ነው» አሉ፣ ሁላችንም ብናውቀውም። «ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ከቁም ሣጥንና ከድስት ጋር። እንደ ዕቃ። አሁን አንድ ሌሊት እዚያ አድሬ፣ በገዛ እግሬ ወጥቼ፣ በመርከብ ልሂድ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።»

ችግሩ እግራቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ግራ እግራቸው ደክሟል። ሜዳ ላይ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ደረጃ ግን ይከብዳቸዋል። ቬኒስ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ከተራመዱ ድልድይ አለ፤ ድልድይ ሁሉ ደረጃ ነው።

እኔም የአያቴን ሥራ ነው የያዝኩት። ስለዚህ «ጋሪዬን ይዤ እመጣለሁ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የሻንጣ ጋሪ?» አሉኝ እማማ ኤልዳ። «ስማኝ ልጄ። አያትህ አርባ ሁለት ዓመት የሰው ሸክም ተሸክሟል። እኔ ሸክም አልሆንበትም፤ ለአንተም አልሆንም። ስሞት እንደፈለጋችሁ ጫኑኝ። በቁሜ ግን አልጫንም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጋሪ የተናገረ የለም።

አባባ ሴቬሪኖ መነጽራቸውን አደረጉ። የከተማዋን ሆቴሎች በሙሉ በራቸውን ያውቃሉ፤ በአንዱም ውስጥ አድረው አያውቁም። ለእሳቸው ሆቴል ማለት አልጋ ሳይሆን በር ነው።

«ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ አለ» አሉ። «ድልድይ የለውም።»

«እሱ ከተማ አይደለም፤ የከተማ ደጃፍ ነው» አሉ እማማ ኤልዳ።

«ዋናው ቦይ ዳር ትልቁ አለ። አንድ ድልድይ ብቻ ነው፤ ዘጠኝ ደረጃ።»

«የሀብታም ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እንግዲያው ሴትዮዋ ሌላ ነገር አምጣ እያለችኝ ነው» አሉና ሳቁ። ጣታቸውን በጠረጴዛው ልብስ ላይ እያንሸራተቱ ትንሽ አሰቡ። «ካስቴሎ ውስጥ፣ ከድሮው ቤታችን ሁለት ጎዳና አለፍ ብሎ፣ አንድ ትንሽ ሆቴል አለ። በእግር ከባሕሩ ዳርቻ አራት ድልድይ ይርቃል። ግን በቀጥታ ወደ ቦዩ የሚከፈት የውኃ በር አለው። ባለጀልባው ኔሪዮ ደጁ ድረስ ያስገባሻል፤ በማግሥቱ ከደጁ ያወጣሻል። አንድም የድልድይ ደረጃ አትረግጪም።»

እማማ ኤልዳ ከወንበራቸው ተነሡ። ሳህኑን ራሳቸው አንሥተው ወደ መታጠቢያው ሄዱ። ይህ በእሳቸው ዘንድ እሺ ማለት ነው።

«አባዬ» አለች እናቴ፣ «ያ ቦይ ጠባብ አይደለም እንዴ?»

«ሞሬና፣ እኔን ስለ ቦይ ታስተምሪኛለሽ?»

ሆቴሉ በዚሁ ተመረጠ።

ሐሙስ ማታ ኔሪዮ በጀልባው አስገባቸው። ኔሪዮ የአባባ ሴቬሪኖ የድሮ ባልደረባ ልጅ ነው። አርብ ጠዋት ሻንጣዎቹን ለማውጣት ጋሪዬን እየጎተትኩ ስደርስ እማማ ኤልዳ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር።

«ተኙ?» አልኳቸው።

«አልተኛሁም። ለምን ብዬ እተኛለሁ? የጎረቤት ጀልባ ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁ። የደወሉን ድምፅ ሰማሁ። አያትህ ሲያንኮራፋም ሰማሁ፤ እሱን እንኳ መስትሬም እሰማዋለሁ።»

በዚህ መካከል የአባባ ሴቬሪኖ ስልክ ጮኸ። ከሰዓት በፊት አምስት ከአርባ አምስት ይሆናል። ኔሪዮ ነበር። ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ሁሉ ተሰማ።

«አባባ ሴቬሪኖ፣ አልመጣም! ድልድዩ ሥር ማለፍ አልቻልኩም። ውኃው ከፍ ብሏል፤ ጣሪያዬ ድንጋዩን ይመታል።»

«ምን ውኃ?» አሉ አባባ ሴቬሪኖ።

«ምን ውኃ ይሉኛል! ከትናንት ጀምሮ የደቡብ ነፋስ ነው። መቶ ሴንቲሜትር ደርሷል። ሠንጠረዡን አላዩም?»

አባባ ሴቬሪኖ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። ደረጃውን ወርደው ወደ ውኃው በር ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከበሩ ሥር አራት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ማታ ሦስቱ ይታዩ ነበር። አሁን ከሁሉ በላይኛው ላይ እንኳ ውኃው እየመጣ ይመለሳል።

ድሮ፣ በሥራ ላይ ሳሉ፣ የባሕሩን ከፍታ በየሰዓቱ የሚያሳየው የውኃው ሠንጠረዥ ወጥ ቤታቸው በር ላይ ተለጥፎ ይኖር ነበር። እሱን ሳያዩ ቡና አይጠጡም ነበር። ከዚያ በባሕሩ መግቢያ ላይ የብረት በሮች ተሠሩ፤ ውኃው ከመቶ አሥር በላይ ይሆናል ሲባል ተነሥተው ባሕሩን ያግዳሉ። በሮቹ ከመጡ ወዲህ ጫማችን አልረጠበም። ሠንጠረዡም ከበራቸው ወረደ። ከመቶ አሥር በታች ግን በሮቹ አይነሡም፤ መቶ ደግሞ ሰው ባያረጥብም ጀልባን ከድልድይ ሥር ያግዳል። ይህንን ከአባባ ሴቬሪኖ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱት። «መቼ ይወርዳል?»

«ለእኔ የሚሆነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የመርከቡ በር ስምንት ላይ ይዘጋል። እኔ ዞሬ ባሕሩ ዳርቻ እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ እስከ መርከቡ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። እስከ ሰባት ከሃያ ድረስ ድረሱልኝ።»

ወደ ላይ ስንመለስ እማማ ኤልዳ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «አራት ድልድይ ነው አይደል?»

«ኤልዳ፣ ውኃውን ረሳሁት» አሉ አባባ ሴቬሪኖ። «እኔ ነኝ የረሳሁት።»

«ስትረሳ የመጀመሪያህ መሰለህ? ሠርጋችን ቀን ቀለበቱን ማን ነው የረሳው? በል እንሂድ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ወጣን። እኛ ተሸካሚዎች አንድ ደንብ አለን፤ ሁለት ሆነን ከባድ ዕቃ ድልድይ ስናሻግር ፊት ያለው ሰው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ «የመጨረሻ!» ብሎ ይጣራል፤ ሌላው እግሩን አያይምና። አባባ ሴቬሪኖ ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው አዙረው፣ የኋሊት እየወጡ፣ ሁለት እጃቸውን ሳይነኳቸው ዘርግተው ይሄዱ ነበር። እኔ ሻንጣዎቹን በጋሪ አሻግሬ እመለስና ከኋላቸው እቆማለሁ።

የመጀመሪያው አሥራ አንድ ደረጃ ነው። እማማ ኤልዳ ቀኝ እግራቸውን ያስቀድማሉ፣ ግራውን ያስከትላሉ፣ ያርፋሉ።

«የመጨረሻ!» አሉ አባባ ሴቬሪኖ።

«አየሁት። ዓይኔ አልታመመም።»

ወደ ሁለተኛው ድልድይ ደረስን። አሥራ አራት ደረጃ ነው። ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች ከኋላችን ተሰለፉ፤ አንዳንዱ ሰዓቱን ያያል። አባባ ሴቬሪኖ በከንፈራቸው ብቻ ይቆጥሩ ነበር።

ሦስተኛው ድልድይ አናት ላይ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ከአምስት ሆኖ ነበር። እማማ ኤልዳ ምርኩዛቸውን አስደግፈው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከዚያ ከድልድዩ የድሮ ቤታቸው መስኮት ይታያል። በሩ ላይ ቤቱን ለሚከራዩ ቱሪስቶች ቁልፍ የሚቀመጥባት ትንሽ ሣጥን ተሰቅላለች። ረጅም ጊዜ አዩት።

«መስኮቱን አረንጓዴ ቀቡት» አሉ። ቀጥሎም «ስንት ቀረ?» ሲሉ ጠየቁ።

አባባ ሴቬሪኖ በደረጃ ቁጥር ዋሽተው አያውቁም። «የዚህ ቁልቁለት አሥራ ሰባት። የአራተኛው ዳገት ሃያ ሁለት፣ ቁልቁለቱ ሃያ አንድ።»

እማማ ኤልዳ ግራ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙት። እግራቸው በራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባባ ሴቬሪኖ አጠገባቸው ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «ይሂድ» አሉ። «መርከብ ነው፤ ብረት ነው። ስንቱን አይቻለሁ። እዚሁ እንረፍ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃው ይወርዳል፤ ኔሪዮ ይወስደናል።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«እና ከዚያ ወዲያ እንዴት ነው የምትኖረው?»

«እንደ ሰው ነዋ።»

«አትኖርም። እኔ አውቅሃለሁ። በየቀኑ የውኃውን ሠንጠረዥ እያየህ ትቀመጣለህ።»

አባባ ሴቬሪኖ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩት። እማማ ኤልዳ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዴቪስ፣ ጋሪህ ላይ ምን አለ?»

«ሻንጣዎቹ፣ አያቴ።»

«አውርዳቸው።»

«ኤልዳ» አሉ አባባ ሴቬሪኖ፣ «ብለሻል እኮ። በቁሜ አልጫንም ብለሻል።»

«ብያለሁ። ያልኩት እኔ ነኝ፤ የምተወውም እኔ ነኝ። ግን ከዕቃ ጋር አልጫንም። አንድ ጊዜ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ወጥቻለሁ፤ ይበቃል።»

«አያቴ፣ ሻንጣዎቹን ተመልሼ ለማምጣት ሰዓት አይበቃም» አልኩ።

«እንግዲያው ይቅሩ። መድኃኒቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ልብሱስ?» አሉ አባባ ሴቬሪኖ። «ሰባት ቀን ነው እኮ!»

«ሽማግሌን ማን ያያል?»

ሻንጣዎቹን ድልድዩ ሥር ለሚገኘው ዓሣ ሻጭ አደራ ሰጠሁ። ባዶውን ጋሪ ወደ ድልድዩ አናት አወጣሁና ካፖርቴን አጥፌ አነጠፍኩበት። እማማ ኤልዳ ተቀመጡ፤ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፤ የካፖርታቸውን ቁልፎች እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ሦስተኛውን ድልድይ ወረድን። አራተኛው ላይ ጋሪው የኋሊት ተጎትቶ ስለሚወጣ ፊታቸው ወደ ሰፈራቸው ሆነ። እኔ ጎተትኩ። የአባባ ሴቬሪኖ ጀርባ ከተጎዳ ስለቆየ ክብደት አይችልም፤ ቢሆንም አንድ እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው አብረውኝ ይወጡ ነበር። መንገደኞቹ ቆመው አሳለፉን። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሃያ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አባባ ሴቬሪኖን ቀና ብዬ አየኋቸው። አፋቸው ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን አይወጣቸውም። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነበር።

«የመጨረሻ» አሉ እማማ ኤልዳ፣ ወደ ኋላቸው ሳይዞሩ። ለካስ እሳቸውም ሲቆጥሩ ኖሯል።

ባሕሩ ዳርቻ ስንደርስ ሰባት ከአሥራ ስምንት ነበር። ኔሪዮ ለእማማ ኤልዳ እጁን ሲዘረጋላቸው በምርኩዛቸው መለሱት። ከጋሪው ተነሥተው ወደ ጀልባው የገቡት በእግራቸው ነው። ወደ መርከቡም መሰላል የሌለበት መግቢያ ነበርና እንደዚሁ ገቡ። አባባ ሴቬሪኖ ግን መሰላሉን ፈልገው ወጡ።

መርከቡ በአሥራ አንድ ሰዓት ከወደቡ ወጣ። ሻንጣዎቹን በማግሥቱ ከዓሣ ሻጩ ተቀብዬ ወደ መስትሬ መለስኳቸው።